ጠይቋት የተባለችው ጋን

ኑ፣ ቀረብ በሉ፤ ከፀሐዩ ወደ ጥላው ገባ በሉና ስሙኝ። ይህን ነገር አህያው ለአንድ ሰው አወራው፤ ያ ሰው ለሌላ ሰው አወራው፤ ሌላው ሰው ለእኔ ነገረኝ። ስለዚህ አንዳንዱን አዛብቼ ይሆናል። ዶሮዋ ቀይ ትሁን ገብስማ በእርግጥ አላስታውስም። ውሾቹም አራት ናቸው ልበል አምስት፣ እሱም ይጠፋብኛል። የዘነጋሁት ይኖራል፤ ከራሴ የጨመርሁት ግን የለም።

በድሮ ጊዜ ነው። ግን በጣም ድሮ አይደለም፤ ባቡሩ መምጣቱን ከተወ በኋላ ነው። በአንዲት የቆላ ከተማ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር፣ አንዲት አሮጌ ጋን ትኖር ነበር። ጋን ስላችሁ እንስራ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ የማያነሣት፣ ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ አጭር፣ ትልቅ የውሃ ጋን ናት። ባለቤቷ አቶ ወርዶፋ የሚባል ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ባቡሩ ሲቀር እሱም ጓዙን ጫነ። አልጋውን ጫነ፤ ሳጥኑን ጫነ፤ የግቢውን በር ሳይቀር ነቅሎ ጫነ። ጋኗን ቢገፋት፣ ቢገፋት፣ አልነቃነቅ አለችው።

«አንቺን ተመልሼ እወስድሻለሁ» አላት።

«እሺ» አለችው።

አልተመለሰም።

ጋኗ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ብቻዋን ቀረች። በክረምት ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ይሞላታል፤ በጋውን በዚያው ውሃ ትከርማለች። የሸክላን ነገር ታውቃላችሁ። ውሃ ካለባት ላብ ላብ ይላታል፣ ትቀዘቅዛለች፣ ደህና ሆና ትኖራለች። ውሃዋ አልቆ ፀሐይ ካገኛት ግን ትሰነጠቃለች። የተሰነጠቀች ጋን ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ ትጣላለች። ያ ውሃ ዕድሜዋ ነበር።

እሷን ግን የሚያስጨንቃት ውሃው አልነበረም፤ ዝምታው ነበር። ነፋስ ሲመጣ «ማነው?» ትላለች፤ ነፋሱ ያልፋል። የኒም ቅጠል ሲወድቅባት «ማነው?» ትላለች፤ ቅጠል አይመልስም። በመንገዱ ኮቴ ስትሰማ «ማነው?» ትላለች፤ ኮቴው እየራቀ ይሄዳል።

ከአጥሩ ማዶ የቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ቆሞ ነበር። ሰሌዳው ቆርቆሮ ነው፤ ሁለት እግር አለው፤ አንገት የለውም፤ ኩራት ግን ሞልቶታል። የሚናገረውም የተለጠፈበትን ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ሙቀቱ ጠና። ቁራዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ። አሸዋው እግር ያቃጥላል። በወንዙ ውስጥ የተጣለው ቆሻሻ ይሸታል፤ ዝንቡም አያድርስ ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሁለት ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሙጫ ስላልተገኘ በሊጥ ነው የተለጠፈው።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «ቆሻሻ በወንዙ አሸዋ ላይ መጣል ክልክል ነው። ያረጀና የማያገለግል ዕቃ ከደጃፍ ይውጣ፤ ማክሰኞ ጠዋት ጋሪ ያነሣዋል።»

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሙቀት ስለሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጥላ አትውጡ። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ይዛችሁ ጠይቁ።»

መልካም ማስታወቂያ ነበር። ነገር ግን ሰሌዳው ጉሮሮውን ጠርጎ ሳያነበው፣ እመት ፍየል ቀድማ ደረሰች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አላት ሰሌዳው።

«ሊጡን እየላስሁ።»

«ወረቀቱን እኮ ነው የበላሽው!»

«ወረቀቱ ከሊጡ ጋር መጣ፤ እኔ ምን ላድርግ? ደግሞስ ሁለት ቃል ናት። አንተ ስንት ቃል ተሸክመህ የለም? ለሁለት ቃል እንዲህ ትጮሃለህ?»

የበላቻቸው ሁለት ቃላት «ውሃ ይዛችሁ» የሚሉት ነበሩ።

ፀሐይ ወጣ ሲል ነዋሪው ተሰበሰበ። ዶሮ መጣች፤ ውሻ መጣ፤ ግመልም አንገቱን ከሁሉ በላይ አድርጎ መጣ። ሰሌዳው የቀረውን አነበበ፦ «ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን በቀን ሦስት ጊዜ ጠይቁ።»

«ምን ብለን እንጠይቅ?» አለች ዶሮ።

«እሱ አልተጻፈብኝም።»

«ምን ግራ ያጋባል?» አለ ውሻ። «በዚህ ሙቀት ከውሃ ሌላ ምን ይጠየቃል? ውሃ ጠይቁ ማለቱ ነው።»

«ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ደግሞ አለች» አለች ዶሮ። «ያቺ ጋን። ውሃም አላት።»

«እኔ ሲጠይቁኝ እንጂ ስጠይቅ አታውቁኝም» አለ ግመል። «ግን የቀበሌ ትእዛዝ ነውና ምን ይደረጋል።»

ጋኗ ከአጥሩ ውስጥ የሰማችው የሰሌዳውን ቃል ብቻ ነበር፤ የእነሱ ሹክሹክታ አልደረሳትም። «ጠይቁ» የሚለውን ስትሰማ ውሃዋ ተናወጠ። እሷ ያንን ቃል የምታውቀው አቶ ወርዶፋ በወባ ታሞ በተኛ ጊዜ ነው። ጎረቤት ይመጣል፤ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ ይቀመጣል፤ የማይረባ ወሬ ያወራል፤ ዝም ይላል፤ እንደገና ያወራል። ለእሷ መጠየቅ ማለት ይህ ነበር።

«በቀን ሦስት ጊዜ!» አለች ለራሷ። «አንዴም ይበቃኝ ነበር።»

በመጀመሪያው ቀን ዶሮ ከነቤተሰቧ መጣች።

«እማማ፣ ልንጠይቅዎ መጣን።»

«እሰይ! እሰይ! ግቡ ልጆቼ፣ ተቀመጡ።»

«መቀመጡ ይቆየን። ውሃ አለዎት?»

ጋኗ፣ በዚህ ሐሩር ሊጠይቀኝ የመጣ እንግዳ ቢጠማው ምን ይገርማል፣ ብላ አሰበች። «ሞልቷል፤ ጠጡ» አለች። ዶሮዎቹ በአፏ ዙሪያ ሰፈሩ፤ ጠጡ፤ ቀና አሉ፤ ጠጡ።

«አንድ ነገር ላጫውታችሁ» አለች ጋኗ። «ባቡሩ ሊመጣ ሲል እኮ፣ ገና ማንም ሳይሰማው...»

«ሌላ ጊዜ እማማ፣ እንቁላሌን ፀሐይ ይመታብኛል» አለች ዶሮ፤ ሄደች። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ መጡ። ማታ ውሃዋ ከአንገቷ በታች ወረደ። እሷ ግን ደስ ብሏት ዋለች።

በሁለተኛው ቀን ውሻ ከሥጋ ቤት ጓደኞቹ ጋር መጣ።

«እማማ፣ በሕጉ መሠረት እጠይቅዎታለሁ። ውሃ አለዎት ወይ? እናንተ፣ ጠየቅሁ አይደል? ነገ አልጠየቀም እንዳትሉኝ!»

«ኧረ ጠይቀኸኛል የኔ ልጅ፤ እግዜር ያክብርህ። ጠጡ።» ውሾቹ ጠጡ። «አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ ባቡሩ ሊመጣ ሲል...»

«ባቡር ቀረ እኮ እማማ! አልሰሙም?» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ሄዱ። በዚያም ቀን ሦስት ጊዜ መጡ። ማታ ውሃዋ ከወገቧ በታች ወረደ። ጋኗም፣ ስቀው መሄዳቸው ደግ ነው፣ ቤቴ ሳቅ ገባ፣ አለች።

በሦስተኛው ቀን ግመል መጣ።

«እመቤቴ፣ እኔ ሦስት ጊዜ መመላለስ አልወድም። ባንድ ጊዜ ጠይቄ ሦስቱንም እጨርሳለሁ።»

«ምነው? ተመላለስ እንጂ!» አለች ጋኗ።

ግመሉ አንገቱን ወደ ውስጧ ሰደደ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ። ምላሱ የሸክላውን ወለል ሲልሰው ተሰማት። ከዚያ ራሱን አወጣ።

«አለቀ» አላት።

«እኔ ግን አለሁ» አለች ጋኗ። «ትንሽ አረፍ በል። ባቡሩ ሊመጣ ሲል እኮ...»

«መኖሩንስ አሉ። ግን ከእንግዲህ ምን ይጠየቃሉ?»

ግመሉ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ማንም አልመጣም። ጠዋት ጠበቀች፤ ቀትር ላይ ጠበቀች፤ ከሰዓት በኋላም ጠበቀች። ነፋስ ሲመጣ «ማነው?» አለች። ሆዷ ባዶ ስለሆነ ድምጿ ከውስጧ ተመልሶ «ማነው?» አላት። ለአንድ አፍታ እንግዳ የመጣ መሰላትና «ግቡ» አለች። ከሆዷም «ግቡ» የሚል ድምፅ መጣ። 

በዚያ ቀን ጥላው ሲዞር ፀሐይ ጎኗን አገኘው። «ጢቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከወገቧ በላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዶሮ፣ ውሻና ግመል ተመልሰው መጡ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይህን አደራ እንዳትረሱት። የሰሌዳውን የመጀመሪያ ማስታወቂያ አስታውሰው ነው። ያረጀና የማያገለግል ዕቃ ከደጃፍ ይውጣ ይላል። ውሃ የሌላት ጋን ደግሞ አታገለግልም። ሦስቱ ተጋግዘው ገፏት።

«መጣችሁ?» አለች ጋኗ። «ወዴት ነው የምትወስዱኝ?»

«ወደ ደጃፍ» አለች ዶሮ።

«ደግ ነው። ለሚጠይቀኝ ሰው እቀርበዋለሁ።»

ውሻው ጆሮውን ጣለ። ዶሮዋን አያት፤ ዶሮዋ ግመሉን አየችው፤ ግመሉ ሰማዩን አየ። «ነገ ጋሪው ያነሣዎታል» አለ ውሻው ቀስ ብሎ። በር በሌለው ደጃፍ ላይ ትተዋት ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሪው መጣ። የሚጎትተው አያ አህያ ነው፤ ጀርባው የተላጠ፣ ጉልበቱ የላላ ሽማግሌ ነው። ከጋሪው ሥር አንዲት ቢጫ ጀሪካን ተንጠልጥላለች፤ ግማሽ ውሃ ይዛለች። ያ ውሃ የአህያው የቀን ድርሻ ነው።

ጋኗ ኮቴ ሰማች። «ማነው?» አለች። ኮቴው አላለፈም፤ ቆመ።

«እኔ ነኝ፣ አህያው።»

«ልትጠይቀኝ መጣህ?»

አያ አህያ ወደ ውስጧ አየ። «ምን ልጠይቅዎ እማማ? ባዶ ነዎት።»

ጋኗ ያን ጊዜ ነው የገባት። ዶሮዋ ምን ልትጠይቅ እንደ መጣች፣ ውሻው ምን ጠየቅሁ እንዳለ፣ ግመሉ ምን እንደ ጨረሰ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባት። ስንጥቋ ትንሽ ሰፋች።

«ምንም ሳትጠይቀኝ ጠይቀኝ» አለችው።

ጋሪው ሲጥ ሲጥ እያለ ጮኸ። «ጫናትና እንሂድ! ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ጉድጓዱ ጋ ካልደረስን ሙቀቱ ይጨርሰናል። እኔ እንጨቴ ሁሉ ደርቋል።»

አያ አህያ አልተንቀሳቀሰም። ዞረና በፀሐዩ በኩል ቆመ፤ ጥላው በጋኗ ላይ ወደቀ። «እንዴት ሰነበቱ እማማ?» አላት።

ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ብሎ የጠየቃት የለም።  «ባቡሩ ሊመጣ ሲል፣ ገና ማንም ሳይሰማው፣ ውሃዬ ላይ ክብ ክብ ይወጣ ነበር። አቶ ወርዶፋ እኔን አይቶ ነው ባቡር የሚያሳልፍበትን ባንዲራ ይዞ የሚወጣው» አለችው።

«እሱ ሳይሰማው እርስዎ ቀድመው ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«እኔ ቀድሜ።»

«ይገርማል» አለ አያ አህያ፤ የምሩን ነው። ከዚያ ጀሪካኗን «አፍሽን ክፈቺ» አላት።

«ያለኝ ያንተው ድርሻ ነው» አለች ጀሪካኗ በሹክሹክታ። «እስከ ማታ ሌላ የለም።»

«ክፈቺ አልኩሽ።»

ውሃው ወደ ጋኗ ወረደ። «የተረፈህ ነው?» አለችው ጋኗ።

«የተረፈኝ ነው» አለ።

አያ አህያ የሆነውን ሁሉ ከጋኗ ሰምቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ። «ጠይቁ የሚለውን ማነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው?» አለ።

«እኔ የተለጠፈብኝን ነው የማነበው» አለ ሰሌዳው። «ሁለት ቃል ጎድሎኛል። የጎደለኝን አልናገርም።»

እመት ፍየል ከአጥሩ ሥር ታመነዥክ ነበር። «ውሃ ይዛችሁ ነበር የሚለው» አለች አንገቷን ደፍታ። «ጨው ጨው ይል ነበር።»

ወሬው በመንደሩ ተሰማ። ዶሮ አፈረች፤ ውሻ አፈረ፤ ግመልም አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሦስቱ ጋኗን ወደ ኒሙ ጥላ መለሷት። ዶሮ በአፏ ውሃ አመጣች። ውሻ በተጣለ ጣሳ አመጣ። ግመልም ለአንድ ሳምንት መጥቶ ጥላ ሆኖ ቆመ። ከሳምንት በኋላ ግን ዶሮዋ ጫጩቶቿ ተፈለፈሉ፤ ውሻው ሥጋ ቤቱ ሥራ በዛበት፤ ግመሉ ጨው ሊጭን ሄደ። ደመናም መጣ። ሙቀቱ ሲቀንስ ማስታወቂያው ተቀደደ፤ በላዩ ሌላ ተለጠፈበት።

አያ አህያ ብቻ ማክሰኞ ማክሰኞ አልቀረም። ይመጣል፤ ይቆማል፤ «እንዴት ሰነበቱ?» ይላል። በሙቀቱ ወራት ውሃ ያወርድላታል። «የተረፈህ ነው?» ትለዋለች። «የተረፈኝ ነው» ይላታል። ክረምት ገባ፤ አሸንዳው ሞላት፤ ውሃው ግን እስከ ስንጥቋ ድረስ ነው የሚቆመው። ክረምት ወጣ፤ በጋ ሆነ፤ ሙቀቱም እንደገና መጣ።

አንድ ማክሰኞ ኮቴ ሰማች። ኮቴው ፈጣን ነው። ጋሪውን የሚጎትተው አንድ ጎረምሳ አህያ ነበር።

«አያ አህያ የት አለ?» አለች።

«ከወንዙ ማዶ ተኝቷል። ሙቀቱ ጥሎት ነው። ሥራውን እኔ ይዣለሁ።»

«ማን ጠየቀው?»

ጎረምሳው ሳቀ። «እሱ ምን አለውና ይጠየቃል?»

ያን ጊዜ ጀሪካኗ ከጋሪው ሥር ተናገረች። «እማማ፣ እሱ እንዳልናገር ከልክሎኝ ነበር። ያ ውሃ አንድም ቀን ተርፎት አያውቅም። የራሱ የቀን ድርሻ ነበር። ሲያወርድልዎት እሱ ሳይጠጣ ነበር የሚውለው።»

 ጎረምሳው ሊሄድ ሲንቀሳቀስ ጋኗ «ቆይ» አለችው። «በትከሻህ ገፋ አድርገኝ። ዘንበል ልበልና ይህቺን ጀሪካን እስክትጠግብ ሙላት።»

«ሁሉንም ልትወስድብዎት ነው እኮ! ክረምት ሩቅ ነው። ይሰነጠቃሉ።»

«ተሰንጥቄያለሁ። ሙላት።»

ጀሪካኗ ሞላች። ከጋኗ ሥር ሁለት ኩባያ የምትሆን ውሃ ቀረች።

«ስትደርስ ምንም አትጠይቀው» አለችው ጋኗ። «ጠይቀው ብቻ።»

«ምንድን ነው ልዩነቱ?» አለ ጎረምሳው።

«ውሃውን ስጠውና አጠገቡ ተቀመጥ። እንዴት ሰነበትህ በለው። ከዚያ መልሱን እስኪጨርስ ጠብቅ።»

ጎረምሳው ጆሮውን አወዛወዘ፤ የገባው አይመስልም። ጋሪው ግን ወደ ጉድጓዱ መንገድ አልሄደም። ወደ ወንዙ ዞረ። ጋኗ ኮቴውን አሸዋው እስኪውጠው ድረስ ስታዳምጥ ቆየች።

የተረቴ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፤ ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ሙቀት ሲመጣ ብቻውን ያለውን ጠይቁ። ስትሄዱ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእሱ የምትፈልጉት ካለ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ የሚያወራችሁን ሳትሰሙ አትነሡ። ያረጀ ነገር ከደጃፍ ከማውጣታችሁ በፊትም ማን እንደ ሆነ እዩ።

አህያው ውሃው ደርሶት ጠጥቶ ይሆን? ጋኗስ እስከ ክረምቱ ቆይታ ይሆን? ይህን ስትጠይቁኝ የማላውቀውን አልናገርም። ጋሪው ወደ ወንዙ የዞረው በሚያዝያ የመጨረሻው ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔም ስለ እነሱ ወሬ የሰማሁት እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ነው።